አንዱን ኢንተርኔት ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ማድረስ

ባሕር ዳር ውስጥ ብዙው ግቢ ዋና ቤትና ከጀርባው የተደረደሩ ሰርቪስ ክፍሎች አሉት። ራውተሩ ሳሎን ይቀመጥና ዋይፋዩ ሁለት ሦስት የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ በር አልፎ ሰርቪስ ሲደርስ ይደክማል። ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ መልሶ የሚያሰራጭ መሣሪያ) መሃል ላይ መሰካት ቀላል ይመስላል፤ እኛ ግን አንመክርም። በተቀበለበት ሞገድ መልሶ የሚልክ ሪፒተር ፍጥነቱን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ገመድ ይዘርጉ።

የሚያስፈልገው ሁለተኛ ራውተር (አሮጌም ይሆናል)፣ ካት 6 የኔትወርክ ኬብል፣ ሁለት አርጄ 45 ጫፍ (የኬብሉ መሰኪያ)፣ የጫፉ መቆንጠጫና የኬብል ቴስተር ነው። አንድ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል። ሲገዙ የአንዱን ሽቦ ጫፍ በምላጭ ፋቅ ያድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነውና ይተዉት፤ ቶሎ ይሰበራል።

በሁለቱም ጫፍ የሽቦዎቹ ቅደም ተከተል አንድ ነው፦ ነጭ-ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ-አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ-ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ-ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴዎቹን ጎን ለጎን ያደረገ ሰው ቴስተሩ ስምንቱንም መብራት ስለሚያበራለት የተሳካለት ይመስለዋል፤ አብረው የተጠማዘዙት ጥንድ ሽቦዎች ስለተለያዩ ግን መስመሩ ይንቀራፈፋል። ገመዱን ከመብራት መስመር ያርቁት፣ ከቤት ውጭ ያለውን በፕላስቲክ ቱቦ ያሳልፉት። ግድግዳው ቀዳዳ ጋ ሲደርስም ወደ ታች ትንሽ ይርገብ፤ አለዚያ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ይገባል።

ሁለተኛውን ራውተር ከመስመሩ ሳያገናኙ መጀመሪያ በኮምፒውተር ያስተካክሉት። የዋናው አድራሻ 192.168.1.1 ከሆነ የዚህኛውን 192.168.1.2 ያድርጉት፤ ዲኤችሲፒውን (ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን) ያጥፉ። የዋናው ዲኤችሲፒ ደግሞ ከ192.168.1.100 ጀምሮ አድራሻ እንዲሰጥ ቢደረግ የሁለተኛው ራውተር አድራሻ ለማንም ስልክ አይሰጥም። ከዚያ ገመዱን በሁለቱም በኩል ላን በሚለው ቀዳዳ ይሰኩት፤ ዋን ላይ አይደለም። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ከቀረ ሁለቱም አድራሻ ያድላሉ፤ አንዳንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው ዋይፋይ ይዞ ኢንተርኔት የለም ይላል። በ2.4 ጊጋኸርዝ አንዱን ቻናል 1፣ ሌላውን 6 ወይም 11 ላይ ያድርጉ።

በክረምት ጣና ዳር መብረቅ ይበዛል። ከቤት ቤት የተዘረጋ የመዳብ ገመድ በአቅራቢያው ሲመታ ኃይሉን ይዞ ሁለቱንም ራውተር ሊያቃጥል ይችላል፤ ማጥፊያውን መጫን ብቻውን አያድንም። ደመናው ገና ሩቅ ሳለ የመብራቱን ሶኬትም፣ የኔትወርኩን ገመድም፣ ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር የሚገባ ከሆነ የስልኩንም ገመድ ይንቀሉ። ነጎድጓዱ ከደረሰ በኋላ ግን ገመዶቹን አይንኩ።