አሞራ ገደል ላይ የጠዋት ፎቶ እንዴት ይነሳል?

ሐዋሳ የመጣ ሰው ሐይቁ ዳር ያለውን የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም። አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ፎቶ ሳያነሳም አይወጣም። ፎቶው ግን ብዙ ጊዜ ወይ ወፉ ጠቁሮ፣ ወይ ሐይቁ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎች ካሜራቸው ርካሽ ስለሆነ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ችግሩ ያለው የሚሄዱበት ሰዓትና አንድ የማይነኩት ቁልፍ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከሰዓቱ ጀምሩ

ሐይቁ ያለው ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። ስለዚህ ጠዋት ፊታችሁን ወደ ውሃው ስታዞሩ ፀሐይ ከጀርባችሁ ትሆናለች። ወፉም፣ ጀልባውም፣ ሰውም ፊት ለፊት ብርሃን ያርፍበታል። አመሻሽ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይ በሐይቁ በኩል ስለምትጠልቅ የሚወጣላችሁ ጥቁር ቅርጽ ነው። ጀልባ ላይ ለቆመ ሰው ያ ግሩም ነው። ፊትና ላባ ለማሳየት ግን ጠዋት ኑ።

ፀሐይ እንደየወሩ ከ12 ሰዓት ከሩብ ገደማ እስከ ሩብ ጉዳይ ለ1 ባለው ጊዜ ትወጣለች። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ነው ወደ ላይ የምትወጣው። ወርቃማው ብርሃንም ቶሎ ያልቃል። 2 ሰዓት ሲሆን ጥላው ጠንክሯል። ደግነቱ፣ መረብ ይዘው የሚመለሱ ጀልባዎችም የሚገኙት በጠዋት ነው። 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ብትሆኑ ጥሩ ነው።

ባላችሁ ዕቃ ስሩ

ስልክ ብቻ ያለው ሰው ወፍ ከሚያሳድድ ሰዎቹን፣ ጀልባዎቹንና መረቡን ቢያነሳ ያተርፋል። በጣት ዙም ማድረግ ጥራቱን ስለሚጎዳው በእግር መጠጋት ይሻላል። ካሜራ ላለው ሩቁን የሚያቀርብ 55-250 ወይም 70-300 ሌንስ በቂ ነው። አባ ኮዳ ሰው የለመደ ወፍ ነው፤ በጣም ያስጠጋል። ለመብረር ሲነሳ ደግሞ ክንፉ ከጫፍ ጫፍ ከ2 ሜትር በላይ ነው። ዙሙን ጥግ ድረስ ከወሰዳችሁት ክንፉ ተቆርጦ ይቀራል።

ሴቲንጉን ቤት ሆናችሁ ጨርሱ። የሻተሩን ፍጥነት ራሳችሁ የምትወስኑበትን ሞድ ምረጡ፤ ካኖን ላይ ቲቪ (Tv)፣ ኒኮንና ሶኒ ላይ ኤስ (S) የሚለው ነው። ለቆመ ወፍ ሻተሩን 1/250 ሰከንድ፣ ለሚበር 1/1600 አድርጉት። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) አውቶ ይሁን፤ ጣሪያው ግን 3200 ላይ ይቁም። ፎከሱ የሚንቀሳቀስ ነገር የሚከተለው ይሁን፤ ካኖን ላይ ሰርቮ፣ ሌሎቹ ላይ ኤኤፍ-ሲ ይባላል። ፋይሉን በራው (RAW)፣ ማለትም ካሜራው ሳያሳንሰው በሚያስቀምጠው ሙሉ ፋይል፣ አስቀምጡ።

ነጩንና ጥቁሩን ወፍ ለዩ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ካሜራ የሚያየው ወፍ ነጭ ይሁን ጥቁር አያውቅም። ሁሉንም ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ነጩ ወፍ ፔሊካን ፍሬሙን ሲሞላው ብርሃኑ የበዛ መስሎት ያጨልመዋል። ነጩ ላባ አመድማ ይሆናል። አባ ኮዳ ሲሞላው ተቃራኒውን ያደርጋል። ጀርባው ጥቁር ስለሆነ ያበራዋል። ያኔ የሆዱ ነጭ ላባ ድምጥማጡ ይጠፋል። አንዴ ከጠፋ ኤዲቲንግ አይመልሰውም።

መፍትሔው የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው። ፔሊካን ሲሆን ወደ +1 ውሰዱት። አባ ኮዳ ሲሆን ወደ -1 አውርዱት። ይህ የሚሰራው ወፉ ፍሬሙን ሲሞላ ነው። ወፉ ትንሽ ሆኖ ውሃው ከበዛ ካሜራው የሚለካው ውሃውን ነው። ሁለቱ ወፎች አንድ ላይ ከቆሙ ነጩን አድኑ። ጥላ ውስጥ ያለውን ጥቁር ከራው ፋይል ማውጣት ይቻላል። በስልክ ከሆነ ወፉን በጣት ንኩና የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ጎትቱ።

ሌላም አለ። ዓሣ የሚያጸዱት ወጣቶች አንጀቱን ሲወረውሩ ወፉን ሳይሆን እጃቸውን ተመልከቱ። እጁ ከፍ ሲል ጣታችሁ ሻተሩ ላይ ይሁን፤ በተከታታይ አንሱ። አባ ኮዳ ራሱን ወደ ኋላ ጥሎ ሲውጥ ከአንገቱ ሥር ያለው ሮዝማ ከረጢት ይወዛወዛል። ያን መያዝ ደስ ይላል።

ለሰው ክብር ስጡ

ሰዎቹ እዚያ ያሉት ለሥራ ነው። ካሜራውን ከማንሳታችሁ በፊት «አባባ፣ እንደምን አደሩ? ፎቶ ላንሳዎት?» በሉ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ እለፉ። ገንዘብ ከጠየቁም ከማንሳታችሁ በፊት ተስማሙ። ፎቶውን በቴሌግራም እልካለሁ ብላችሁ ከተናገራችሁ ደግሞ በዚያው ቀን ላኩ።

መረብ የሚጠግን ሰው ካገኛችሁ አትቸኩሉ። መረቡን በእግሩ ጣት ወጥሮ ሁለት እጁን ክሩ ላይ ሲያሰራ ቁጭ ብላችሁ በእሱ ቁመት አንሱት። ዛፍ ጥላ ሥር ከሆነና ከኋላው ሐይቁ ካበራ ፊቱ ይጨልማል። ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሄዳችሁ ከኋላው ግንድ ወይም ጀልባ አድርጉ።

ዕቃችሁን ጠብቁ

ሌንስ ስትቀይሩ ለነፋሱ ጀርባ ስጡ፤ የካሜራው አፍ ወደ መሬት ይሁን። ቦርሳውን እርጥብና ቅርፊት ያለበት መሬት ላይ አታስቀምጡ። እርጥበት ሌንስ ውስጥ ሻጋታ ያመጣል። አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ከቦርሳው ጨምሩ፤ በየጊዜው ቀይሯቸው። ማታ መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪውን ከሰዓት በኋላ ቻርጅ አድርጉ። ቤት ስትመለሱ ፎቶዎቹን ላፕቶፕ ላይም ኤክስተርናል ላይም ገልብጡ፤ ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት ከዚያ በኋላ ነው።