የሪዶክስ ሂሳብ የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ኬሚስትሪ ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ተማሪው የሪዶክስ፣ ማለትም የኤሌክትሮን መስጠትና መቀበል፣ ጥያቄ ሲሰጠው ካልኩሌተሩን ቶሎ ያነሳል። ማባዛቱም ማካፈሉም ልክ ነው፤ የተነሳበት የሞል ንጥጥር (ስንት ሞል ለስንት ሞል) ግን ስህተት ነው። ከካልኩሌተሩ በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ ነው፦ ማን ስንት ኤሌክትሮን ሰጠ፣ ማንስ ስንት ተቀበለ?

የመጀመሪያው ስህተት ሁሉንም 1 ለ 1 አድርጎ መያዝ ነው። ሃይድሮክሎሪክ አሲድና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ 1 ለ 1 ናቸው፤ ያ ልማድ አብሮ ይመጣል። ፐርማንጋኔትና አይረን ሁለትን (+2 ቻርጅ ያለውን አይረን) እንይ። ቢሬቱ (ፈሳሽ እየለካ የሚያወርደው ቱቦ) ውስጥ 0.020 ሞላር፣ ማለትም በሊትር 0.020 ሞል፣ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት አለ። ከሥር አሲድ የተጨመረበት 25.0 ሚሊ ሊትር የአይረን ሁለት ሶሉሽን ተቀምጧል። 20.0 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም ታየና አልጠፋም፤ እዚህ ላይ እናቆማለን። የፐርማንጋኔቱ ሞል 0.00040 ነው። ማንጋኒዝ ከ+7 ወደ +2 ሲወርድ 5 ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ አንድ አይረን ግን የሚሰጠው 1 ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ፐርማንጋኔት 5 አይረን ያስፈልጋል። የአይረኑ ሞል 0.0020፣ ሞላሪቲው 0.080 ይሆናል። 1 ለ 1 ያለ ሰው 0.016 ያገኛል፤ ለ5 ያካፈለማ 0.0032። የቱ መብዛት እንዳለበት ቃል በቃል ጻፉት፦ «አይረኑ ይበልጣል፣ ስለዚህ አባዛለሁ።»

አቶሙን አመጣጥኖ ቻርጁን መርሳትም አለ። ለምሳሌ በእኩልታው ግራ አንድ ኮፐርና አንድ የሲልቨር አዮን (+1)፣ በቀኝ አንድ የኮፐር ሁለት አዮን (+2) እና አንድ ሲልቨር። አቶሙ እኩል ነው፣ ዓይን ያታልላል። ቻርጁ ግን በግራ +1፣ በቀኝ +2 ነው። ኮፐሩ 2 ኤሌክትሮን ሲያወጣ ተቀባዩ 1 ብቻ ከወሰደ ሂሳቡ አልተወራረደም። ትክክለኛው ሁለት የሲልቨር አዮን ነው።

ጎበዝ ተማሪዎችን ሳይቀር የሚጥለው ኦክሳሌት ነው። ካርቦኑ ከ+3 ወደ +4 ይወጣል፣ «1 ኤሌክትሮን» ይባልና ይታለፋል። አንድ ኦክሳሌት ውስጥ እኮ ሁለት ካርቦን አለ! ስለዚህ የሚሰጠው 2 ነው። ፐርማንጋኔት 5 ይቀበላል፤ 5ና 2 የሚገናኙት 10 ላይ ነው። 2 ፐርማንጋኔት ለ5 ኦክሳሌት ማለት ነው። ዳይክሮሜትም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ክሮሚየም 3 ይቀበላል፣ ሁለት ስለሆኑ 6።

ሚሊ ሊትርን ወደ ሊትር መቀየር መርሳቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልቆይበትም።

ይልቅ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አሲዱን ነው። «ፐርማንጋኔት 5 ነው» ብሎ መሸምደድ አደጋ አለው። 5 የሚሆነው በቂ አሲድ ሲኖር ነው። አሲዱ ሲያንስ ማንጋኒዙ +4 ላይ ይቆምና ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል፤ ያን ጊዜ የተቀበለው 3 ብቻ ነው። ቡናማ ነገር ካያችሁ ንጥጥሩ ተበላሽቷልና ሙከራውን እንደገና ጀምሩ። አሲዱም የተበረዘ ሰልፈሪክ ይሁን። ሃይድሮክሎሪክ ከሆነ ፐርማንጋኔቱ ክሎራይዱንም ኦክሲዳይዝ ያደርጋል (ኤሌክትሮን ይወስድበታል)፤ ከቢሬቱ የወረደው ከሚገባው በላይ ይሆንና በሶሉሽኑ ውስጥ የሌለ አይረን ትቆጥራላችሁ።