ከርቤን የሚያጠፉ ስህተቶች

ከርቤን ከገበያ የምናውቀው ብዙዎች ነን፤ ተክሉን ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። በሶማሌ ክልል፣ በቦረናና በባሌ ቆላዎች፣ በአሸዋማና ድንጋያማ መሬት ከግራር ጋር ተደባልቆ የሚበቅል፣ ከ4 ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ እሾህ የሆነ ቁጥቋጦ ነው።

ትልቁ ስህተት ደርቋል ብሎ መቁረጥ ነው። ከርቤ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቅጠል ይቆማል፤ ትንንሽ ቅጠሎቹን የሚያወጣው ዝናብ ሲያገኝ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በደረቁ ወራት ሲያየው የሞተ እንጨት ይመስለውና ለማገዶ ይጨፈጭፈዋል። መጥረቢያ ከማንሳት በፊት የሚላጠውን ስስ ቅርፊት በጥፍር መፋቅ ይበቃል። ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ከታየ ተክሉ ሕያው ነው። ያን ሁሉ ድርቅ ችሎ የቆመ ተክል በአንድ ሰው ችኮላ ሲወድቅ በእጅጉ ያሳዝናል።

ሁለተኛው ስህተት ለገበያ የሚቀርበውን ሙጫ ለማብዛት ግንዱን እስከ እንጨቱ መብጣት ነው። ሙጫው በራሱ ከተሰነጠቀ ወይም እንስሳት ካቆሰሉት ቅርፊት ይንጠባጠባል፤ አርብቶ አደሮች መንጋቸውን እየጠበቁ በአብዛኛው የሚለቅሙት ይህንኑ ነው። ጥልቅ ቁስል ለነፍሳት በር ይከፍታል፤ ተክሉ ከተዳከመ ደግሞ የከርሞው ሙጫ ይቀራል። በመተማና በትግራይ የሚፋቀው የዕጣን ዛፍ የከርቤ ዘመድ ቢሆንም እሾህ አልባ የሆነ ሌላ ዛፍ ነው። የእርሱን አፋፋቅ ወደ ከርቤ መውሰድ አይገባም።

ገዢዎችም ይሳሳታሉ። የተፈጨ ከርቤ ምን እንደተቀላቀለበት በዓይን አይለይም፤ ስለዚህ ጠጠሩን ይግዙ። ሲሰበር ቀላ ያለ ቡናማ ሆኖ ነጣ ያሉ መስመሮች ይታዩበታል፤ ሲቀምሱት ይመርራል። ሶማሌዎች ሀባክ ሀዲ የሚሉት ጣፋጭ ሽታ ያለው ሙጫ ከሌላ ዝርያ የሚገኝ ነው።

ባህላዊ መድኃኒት ስለሆነ አይጎዳም ብሎ መጠጣትም አደገኛ ነው። ማኅፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት አትውሰደው። የደም መርጋት መከላከያ የሚወስድ ሰውም ሐኪሙን ሳያማክር አይንካው።

በመጨረሻም ክፍት ዕቃ ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው ቦታ አያስቀምጡት። መዓዛውን የሚሰጠው ዘይት ይተንናል፤ ጠጠሮቹም ሙቀት ሲነካቸው ይጣበቃሉ።