ያረጀ ዛፍን በቲሹ ካልቸር ሲያባዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐረር ውስጥ አንድ አባት ግቢያቸው ያለውን ትልቅ የማካዳሚያ ዛፍ አሳዩኝ። «ልጄ፣ እንዲህ የሚጥም ፍሬ አላገኘሁም፤ አባዛልኝ» አሉ። ከዘር የበቀለ ችግኝ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ፍሬውን ለማየትም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ በቲሹ ካልቸር፣ ማለትም ትንሽ ቀንበጥ ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ በተዘጋጀ ምግብ ላይ አሳድጌ ላባዛው ብዬ መሰላል አስደግፌ ከላይ፣ ፀሐይ ከሚያገኘው ጫፍ ቀንበጥ ቆረጥኩ። ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነበር።

ዛፍ ሁለመናው እኩል አያረጅም። ፍሬ የሚይዘው ጫፍ ሽማግሌ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ ለመባዛትም ሥር ለማውጣትም ያስቸግራል። ከግንዱ ሥር የሚያቆጠቁጠው ግን ገና ልጅ ነው። ቀንበጥ ከዚያ ውሰዱ። ከሌለ ወፍራም ቅርንጫፍ ቆርጣችሁ ጥላና እርጥበት ያለበት ቦታ አስቀምጡት፤ ራሱ ያቆጠቁጣል። ወይም ጫፉን በወጣት ችግኝ ላይ ደጋግማችሁ ግራፍት አድርጉ (ቆርጣችሁ አጋጥሙት)፣ በየዙሩ እየታደሰ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ዛፉ ቀድሞ ግራፍት የተደረገ ከሆነ ከመጋጠሚያው በታች የሚወጣው ሌላ ዝርያ ነው። እሱን ካባዛችሁ ልፋታችሁን ውኃ በላው።

ሻጋታ ፈርቶ በረኪና ማብዛትም አለ። በ70 በመቶ አልኮል ለ30 ሰከንድ፣ ከዚያ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በተጨመረበት የቀጠነ በረኪና ለ10 ደቂቃ ያህል፣ በመጨረሻ ታሽጎ በግፊት ማብሰያ በተቀቀለ ንጹሕ ውኃ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ለመነሻ ይበቃል። ቀንበጡ ውስጥ የተደበቀ ባክቴሪያን በረኪና አይደርስበትም። እናት ተክሉን ቀደም ብላችሁ መጠለያ ውስጥ አስገቡ፤ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ብቻ አጠጡ።

ጠርሙስ ውስጥ ከከተቱ በኋላ መርሳት ሌላው ነው። በሁለተኛው ቀን ከቀንበጡ ሥር ያለው ሚዲያ (ቀንበጡ የሚመገበው የተዘጋጀ ምግብ) ቡና የተደፋበት ይመስላል። ከተቆረጠው ቦታ የሚወጣው ነገር ራሱን ቀንበጡን ይመርዘዋል። መጀመሪያ ላይ በየአንድ ሁለት ቀኑ ወደ አዲስ ሚዲያ አዛውሩ፣ ጨለማ ውስጥም አቆዩት።

ለሁሉም ተክል ኤም ኤስ የሚባለውን የሚዲያ ቀመር መጠቀምም ያስቸግራል። ኤም ኤስ በ1962 በትንባሆ ላይ ተሠርቶ የወጣ ነው። ለዋልነት ዛፍ ተብሎ የተዘጋጀው ዲ ኬ ደብልዩ የሚባለው ቀመር ለአንዳንድ እንጨታማ ዛፎች ሊሻል ይችላል።

ሥር አወጣ ብሎ በቀጥታ ድሬዳዋ ፀሐይ ላይ ማውጣት ደግሞ መግደል ነው። የጠርሙስ ቅጠል ሰሙ ስስ ነው፤ ውኃውን መያዝ አይችልም። እዚያ ሙቀት ላይ በአንድ ከሰዓት ጠውልጎ ያድራል። በላስቲክ ሸፍናችሁ ጥላ ሥር አኑሩት፤ ላስቲኩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገለጣችሁ ሦስት አራት ሳምንት አለማምዱት።