የቮልስ የቤንዚን ጎማዎች አቀያየር

የቮልስ ታንክ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በወለሉ መሃል በተዘረጋ የብረት ቧንቧ ያልፋል። እሱ ካልዛገ አይነካም፤ የሚያረጁት በሁለቱ ጫፎችና በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ጎማዎች (የጎማ ቱቦዎች) ናቸው። አንዱ ካፈሰሰ ሁሉንም ይቀይሩ፤ የቀሩትም ተራ ጠባቂ ናቸው። በጨርቅ የተሸፈነው ጎማ በተለይ ያታልላል፤ ስንጥቁ ከጨርቁ ስር ስለሚደበቅ መጀመሪያ የሚታወቀው በቤንዚን ሽታ ነው።

የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የቤንዚን ጎማ 2 ሜትር ይበቃል። ላዩ ላይ 30 አር 9 (30R9) የሚል የቤንዚን ጎማ ደረጃ የታተመበት ቢሆን ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ጫፍ አንድ ፋሸታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ያስፈልጋል። ነጩን የፕላስቲክ ቱቦ አይግዙ፤ በሞተሩ ሙቀት ደርቆ ይሰበራል።

ሥራው ደጅ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ታንኩ ሊያልቅ ሲል ይሠራ። ከኋላ ወንበር ስር ያለውን ባትሪ ኔጌቲቭ ይፍቱ። የታንኩን ጎማ ሲነቅሉ ቤንዚኑ በራሱ ይወርዳልና ጎማውን በፒንሳ ቆንጥጠው፣ ከስር ባልዲ ያስቀምጡ። ከዚያ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አጠገብ ያለውን፣ በመጨረሻም የፖምፓውንና የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ይቀይሩ።

ቧንቧው 6 ሚሊ ስለሆነ ጎማው ሲገባ ያስቸግራል። ጫፉን በጥቂት ቤንዚን አርሰው፣ እያዞሩ 2 ሳንቲ ሜትር ያህል ያስገቡት። በቀላሉ ይገባል ብሎ 8 ሚሊ ጎማ በፋሸታ ማነቅ የተለመደ ጥፋት ነው፤ ጎማው ይጨማደድና በእጥፋቱ ያፈሳል።

ሁለት ቦታ አይታለፍ። ቧንቧው የሞተሩን ላሜራ የሚያልፍበት ቀዳዳ ጎሚኒ (መከላከያ የጎማ ቀለበት) ከሌለው ብረት ብረትን እየፈተገ ይበሳዋል። የካርቡሬተሩ የነሐስ መግቢያ ደግሞ ተጠቅጥቆ እንጂ በጥርስ የታሰረ አይደለም። በእጅ ሲያዞሩት ከተንቀሳቀሰ ጥርስ ያስወጡለት፤ ከወለቀ ቤንዚኑ የሚረጨው ለካንዴላዎቹ እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢዩተር ላይ ነው። ፊልትሮውንም (የቤንዚን ማጣሪያውን) እዚያ አያንጠልጥሉ፤ ካምቢዮው አጠገብ ይሁን።

ባትሪውን መልሰው ሞተሩን ያስነሱና 10 ደቂቃ ያሠሩት። ካጠፉ በኋላ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በደረቅ ሶፍት ይንኩ፤ በማግስቱም ይድገሙት። የዱቄት እሳት ማጥፊያ መኪናው ውስጥ ይኑር፤ የሞተሩ አካል ማግኒዚየም ስላለበት አንዴ ከተያያዘ ውሃ ያባብሰዋል።