በተተካ የጉልበት ጅማት ላይ የሚያርፈውን ውጥረት በኮምፒውተር እንዴት ማስላት ይቻላል

በደቻቱ ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ እግሩን ተክሎ በድንገት ሲዞር ከሚጎዱት የጉልበት ክፍሎች አንዱ፣ የጭን አጥንትን ከቅልጥም ጋር በሰያፍ የሚያያይዘው የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው። ጅማቱ ሙሉ በሙሉ ከተበጠሰ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የተበጠሰውን አይሰፋም፤ ከጭን ጀርባ ወይም ከጉልበት ሎሚ በታች ሌላ ጅማት ወስዶ በሁለቱ አጥንቶች በተበሳ ቀዳዳ አሳልፎ ይተክላል። ቀዳዳው የት ይበሳ፣ ጅማቱስ ምን ያህል ተወጥሮ ይታሰር የሚለውን የማንንም አጥንት ሳይነኩ ለመፈተሽ ፋይናይት ኤለመንት የሚባለው፣ አካሉን በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈውን የሚያሰላው የኮምፒውተር ስሌት ያገለግላል። እዚህ ድሬዳዋ ተማሪዎቼን የማሠራበት ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ የጉልበት ምስል ያስፈልጋል። አጥንቱን ሲቲ ስካን፣ ጅማቱንና ልም አጥንቱን ደግሞ ኤምአርአይ አጥርቶ ያሳያል። የታካሚ ምስል ያለ ፈቃድና ስሙ ሳይሰረዝ መጠቀም ስለማይገባ፣ ለጀማሪ የሚሻለው ኦፕን ኒ በሚል ስም በነጻ የተለቀቀውን የጉልበት ሞዴል መውሰድ ነው። የራሱ ምስል ያለው ሰው ስሪዲ ስላይሰር በተባለው ነጻ ሶፍትዌር አጥንቱንና ጅማቱን ለይቶ ያወጣል።

ቀጥሎ ቅርጹ ሜሽ ወደሚባል የጥቃቅን ክፍሎች መረብ ይቀየራል። በቀዳዳው አፍ ዙሪያ ያሉት ክፍሎች ከሌሎቹ ይልቅ ማነስ አለባቸው፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ የእያንዳንዱ አካል ባሕርይ ይሞላል። ርዝመት በሚሊሜትር፣ ኃይል በኒውተን ከሆነ ውጥረት፣ ማለትም በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ የግድ በሜጋፓስካል ይሆናል። እኔ አንድ ጊዜ የጠንካራውን አጥንት ግትርነት፣ 17 ጊጋፓስካልን፣ በሜጋፓስካል 17000 ብዬ በመጻፍ ፈንታ 17 ብዬ አስገብቼ፣ አጥንቱ እንደ ልም አጥንት ሲታጠፍ ግማሽ ቀን ስህተቱን ሌላ ቦታ ስፈልግ ውያለሁ። ጅማት ሲሳብ እንጂ ሲገፋ ስለማይሸከም፣ በመጀመሪያ ላልቶ ቆይቶም ስለሚጠነክር፣ እንደ ብረት በአንድ ቁጥር አይገለጽም፤ ፌቢዮ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ለዚህ የተዘጋጁ የቁስ ሞዴሎች አሉት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የቅድሚያ ውጥረቱን ነው። ሐኪሙ ጅማቱን ስቦ ነው የሚያስረው፤ ስለዚህ ሞዴሉም በመጀመሪያው እርምጃ፣ ጉልበቱ በተመረጠው ማዕዘን ታጥፎ ሳለ፣ ጅማቱን ለምሳሌ በ40 ኒውተን ይስባል፤ በሁለተኛው ጫፉን ከአጥንቱ ጋር ያስራል፤ ውጫዊው ኃይል የሚመጣው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ለሙከራ በቤተ ሙከራዎች የተለመደውን 134 ኒውተን ወስደን ቅልጥሙን ወደ ፊት እንስባለን። ጤናማ ጉልበት በዚህ ኃይል የሚንሸራተተው ጥቂት ሚሊሜትር ስለሆነ፣ ሞዴሉ 2 ሴንቲሜትር ካሳየ ስህተት አለበት።

ውጤቱን ስናነብ ከፍተኛውን ውጥረት የሚያመለክተው ቀይ ቀለም ብዙውን ጊዜ የሚታየው በቀዳዳው አፍ ላይ ነው። አይሱዙ ላይ ጭነት ያሰረ ሰው ገመዱ የሚላጠው በጠርዙ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ መሆኑን ያውቃል፤ ጅማቱም ከቀዳዳው ሲወጣ በሹል ማዕዘን ከታጠፈ እንደዚያው ይሆናል። ነገር ግን ቀዩን ወዲያው ማመን አይገባም። ሜሹን በዚያ ቦታ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም ሌላ ጊዜ አሳንሰን እናሰላ፤ ቁጥሩ ከረጋ ልንወስደው እንችላለን፣ ባሳነስን ቁጥር ያለ ገደብ ከጨመረ ግን ያየነው የጅማቱን ሳይሆን የሹል ጠርዙን ጠባይ ስለሆነ ጠርዙን አለስልሰን እንደገና እንጀምራለን። ለግምት ያህል፣ በወጣቶች ጉልበት ላይ በተደረገ ልኬት ተፈጥሯዊው ጅማት የተበጠሰው በአማካይ በ2160 ኒውተን ሲሆን፣ ይህም ከሁለት ኩንታል ክብደት ይበልጣል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ፣ ለምሳሌ የቀዳዳውን ማዕዘን፣ እየቀየርን ስሌቱን እንደግማለን። በእኛ ሙቀት ላፕቶፕ ቀን ላይ ፍጥነቱን ስለሚቀንስ ረጅሙን ስሌት ለሌሊት መተው፣ መብራት ቢጠፋም ከቆመበት እንዲቀጥል በየእርምጃው እንዲያስቀምጥ ማዘዝ ይጠቅማል።