በእትብት የሚገባ ካቴተር፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ለልምምድ የሚመጡ ወጣት ሐኪሞች ካቴተሩን፣ ማለትም መድኃኒትና ፈሳሽ የሚሰጥበትን ቀጭን ቱቦ፣ በጨቅላው የእትብት ደም መልስ ማስገባትን ትልቁ ፈተና ያደርጉታል። ማስገባቱ ቀላሉ ነው። ከባዱ ጫፉ የት እንዳለ በየቀኑ ማወቅ ነው።

ደም ስለተመለሰ ብቻ ቦታው ልክ ነው አትበሉ፤ ከጉበትም ደም ይመለሳል። ራጅ አንሡ። ጫፉ ከድያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ትልቁ የታችኛው ደም መልስ ከልብ ጋር በሚገናኝበት መቀመጥ አለበት። ጉበት ውስጥ ቀርቶ ወፍራም ግሉኮስ ከተለቀቀበት ጉበቱ ይጎዳል። ልብ ውስጥ ከገባ ምቱን ያዛባል፤ አንዳንዴም ግድግዳውን በስቶ በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ ያጠራቅማል። ካቴተር ያለው ሕፃን በድንገት ገርጥቶ የልብ ምቱ ቢወርድ መጀመሪያ ይህን አስቡ። እትብቱ ሲደርቅ ጫፉ ስለሚንቀሳቀስ የትናንቱ ራጅ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ካቴተሩ ሌሊት 2 ሴንቲ ሜትር ወጥቶ ያድራል፤ ተረኛው ጓንት አጥልቆ መልሶ ይገፋዋል። ማን ፈቀደለት? ከፕላስተር ሥርና ከዳይፐር ጠርዝ ሲታሽ ያደረው ክፍል ከነተሕዋስያኑ በቀጥታ ወደ ደም ገባ ማለት ነው! ጓንቱ ንጹሕ ስለሆነ ካቴተሩ አይነጻም። ወደ ውጭ መሳብ ይቻላል፤ ወደ ውስጥ መግፋት ፈጽሞ አይቻልም። አንዱን «ለምን ገፋኸው?» ብለው «የካቴተሩ የሴንቲ ሜትር ምልክት 9 ላይ ነበር፣ 9 ላይ መለስኩት» አለኝ። ቁጥሩ ተስተካከለ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ሕፃኑ ወተት አልፈጭ አለ፣ ሰውነቱም ቀዘቀዘ። «የደብረ ብርሃን ብርድ ነው» ተባለ። ማሞቂያ ሥር የተኛ ሕፃን! ብርድ ሳይሆን ከካቴተሩ ጋር የገቡትን ተሕዋስያን መጠርጠር ነበረባቸው።

ከመንዝና ከአንኮበር የሚመጡ አያቶች ሕፃኑን በጋቢ መጠቅለላቸው ደግ ነው፤ ጥፋቱ ገልጦ የማያይ ባለሙያ ነው። ካቴተሩ ከመድኃኒት መስጫው ቱቦ ጋር የሚገናኝበት መገጣጠሚያ ቢላቀቅ ደሙ ጋቢው ውስጥ ይፈሳል። የአንድ ኪሎ ሕፃን ጠቅላላ ደም ሁለት የቡና ስኒ አይሞላም። «እማማ፣ አንድ ጊዜ ልየው» ብትሏቸው ማንም አይቆጣም።

መገጣጠሚያውን በአልኮል 15 ሰከንድ ሳታሹ መድኃኒት አትስጡ። ክፍት ካቴተር አየር ይስባል፤ ዝጉት።

«ነገ ያስፈልግ ይሆናል» ብሎ ማቆየትም ልማድ ሆኗል። ጣሪያው 14 ቀን ነው፤ እኔ ከ7 ባያልፍ እመርጣለሁ። ስታወጡት በዝግታ ይሁን፤ ጫፉ ሙሉ መሆኑን አይታችሁ ርዝመቱን መዝግቡ።